«ትንሽ አስቀምጦኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ»

(የኬሞ ኪኒን ቤታቸው ለሚወስዱ ታማሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ስትመጡ መድኃኒቶቻችሁን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ ብለናችሁ ነበር። አብዛኞቻችሁ ይዛችኋል፣ አያለሁ። እስከዚያው ጭናችሁ ላይ ይቀመጥ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኔን የማሳልፈው የካንሰር መድኃኒት ከሚታደልበት መስኮት ጀርባ ነው። ወሬዬን በአንዲት እናት ልጀምር። ስማቸውን አልናገርም፣ እማማ እያልኩ ልቀጥል። እማማ የአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ተደርገው ካፔሲታቢን የሚባለው ኪኒን ተጀመረላቸው። በአሥረኛው ቀን ደወልኩ። «እንዴት ሰነበቱ?» ስላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ትንሽ አስቀምጦኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ» አሉኝ። ስንት ጊዜ? ዝም። ከኋላ የልጃቸው ድምፅ መጣ፦ «ትናንት ዘጠኝ ጊዜ! ሌሊቱንም ስትመላለስ ነው ያደረችው።» ኪኒኑንስ? «እሱማ አንድም ቀን አልዘለልኩም» አሉ እማማ። በኩራት ነው ያሉት።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ኩራት ነው። እኛ ቻይ ታማሚ እንወዳለን። «አንድ ቀን እንኳ አላማረረም» ብለን እናወድሳለን። የማያጉረመርም፣ የታዘዘውን ውጦ ዝም የሚል ሰው ጎበዝ ይባላል። በዚህ መድኃኒት ግን ቻይነት ሰው ይጎዳል። እማማ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ፣ ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ኪኒኑ ቆመ፣ ዳኑ። ሁለት ሦስት ቀን ጨምረው ቢችሉ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ነገሩ ኪኒን መሆኑ ያታልላል። በደም ሥር የሚሰጠውን ኬሞ የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ። ደም ትመረመራላችሁ፣ ትመዘናላችሁ፣ ነርሷ ጓንት አድርጋ ትመጣለች፣ ጠብታውን እያየች አጠገባችሁ ትመላለሳለች። ኪኒኑን ግን በፌስታል ይዛችሁ ታክሲ ትሳፈራላችሁ። ቤት ስትደርሱ ነርሷ ልጃችሁ ናት። «ዛሬ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ካፔሲታቢን ራሱ ምንድን ነው? ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ውስጥ ተለዋውጦ ፍሎሮዩራሲል ይሆናል። ፍሎሮዩራሲል በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ስንትና ስንት ዘመን በመርፌ ሲሰጥ የኖረ ኬሞ ነው። ካፔሲታቢን አሜሪካን አገር የተፈቀደው በ1998 ነው። ያው መድኃኒት ነው፣ በሌላ በር የገባ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ስለ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣጣ ደግሞ እመጣበታለሁ።)

መጀመሪያ ቁጥሩ። መጠኑ የሚሰላው በቁመትና በክብደት ስለሆነ የጎረቤታችሁ ከእናንተ ይለያል። ለአንድ መካከለኛ ሰው ሐኪሙ ጠዋት 1650፣ ማታ 1650 ሚሊግራም አዘዘ እንበል። ኪኒኑ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ ባለ 500 እና ባለ 150። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚዋጠው ሦስት ባለ 500 እና አንድ ባለ 150 ነው። አሁን ገልብጡት። ሦስት ትንንሹን፣ አንድ ትልቁን። 950 ብቻ ይሆናል፣ ግማሽ ምናምን። ፓኮዎቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። የእኔ መላ ቀላል ናት፤ በወፍራም እስክሪፕቶ በአንዱ ፓኮ ላይ «3»፣ በሌላው ላይ «1» ብላችሁ ጻፉ። ፋርማሲው ካልጻፈላችሁ አስጽፉ፤ አታፍሩ።

ከዚያ ቀኑ። ብዙ ጊዜ ካፔሲታቢን 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ይታረፋል፤ ከዚያ እንደገና። በዚያ የዕረፍት ሳምንት ውስጥ ነው መቅኔያችሁ ደም የሚተካው፣ የአፍና የአንጀት ቆዳችሁ የሚያገግመው። ሰው ግን ይህን ዕረፍት አያምነውም። አንዱ ምክንያት እኛው ነን። ለስንት ዓመት «አሞክሳሲሊን ሳታቋርጡ ጨርሱ» ስንላችሁ ኖረናል። ባለ 500ው ፓኮ ብዙ ጊዜ 120 ኪኒን ይይዛል። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት የሚወስድ ሰው በ14 ቀን 84 ይውጣል። 36 ይተርፋል። ይሄኔ ታዛዡ ሰው «አላለቀም» ብሎ ይቀጥላል። በ15ኛው ቀን፣ በ16ኛው፣ በ17ኛው። ፓኮው ውስጥ የቀረው ለሚቀጥለው ዙር ነው። የእኛ ቁጥር 14 ነው።

ስለ ሰዓት ደግሞ ልንገራችሁ። ሐኪሙ «በየ12 ሰዓቱ» ይላል። አንድ አባት ይህን ሰምተው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ይወስዱ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ልክ ናቸው! ሌላ ቤት ግን ዕድል አልነበረም። የልጅ ልጅ የአያቱን ስልክ ተቀብሎ ለጠዋቱ 1:00 ኤኤም፣ ለማታው 1:00 ፒኤም ብሎ አላርም ሞላ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። አላርሙ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጮኸ። አያት ተነሡ፣ በጨለማ፣ በባዶ ሆዳቸው ዋጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ። ልጁን አትቆጡት፣ አሳቢ ልጅ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ስልኩ ላይ 7:00 ኤኤም፣ ማታ 1 ሰዓት 7:00 ፒኤም ነው።

ቀጠሮም እንዲሁ። ካርድ ላይ 12/5 ተብሎ ይጻፋል። ጥር 12 ነው ወይስ ሜይ 12? ሜይ 12 በእኛ ግንቦት 4 ነው። ከመስኮቱ ሳትለቁ «በሐበሻ ስንት ነው?» በሉ። ቤት ስትደርሱ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር የጀመራችሁበትን ቀን አክብቡ፣ የወሰዳችሁበትን በየቀኑ ሰርዙ፣ ዕረፍቱን በሌላ ቀለም ቀቡት። ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ይዘጋል። ካላንደሩን ቤተሰቡ በሙሉ ያየዋል።

ምግብ። ካፔሲታቢን የሚዋጠው በልታችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ በውሃ። እዚህ ጋ የጾም ነገር ይመጣል፤ በተለይ ሁዳዴ ሲገባ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ታማሚ የጠዋቱን ወይ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፣ ወይ ወደ 9 ሰዓት ያሸጋሽገዋል። የማታውን 3 ሰዓት ላይ ሲወስድ በሁለቱ መካከል የቀረው ስድስት ሰዓት ነው። ይህን ለሐኪም የሚነግር የለም፣ እንዳንቆጣ ነው መሰለኝ። አንቆጣም። ንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ምን እንደሚባል እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። የረመዳን ጿሚዎችም፣ የታመመ ሰው ማፍጠር እንደሚችል ቁርኣኑ ላይ ያለ ነው። ከጥሬ ሥጋ ተቆጥቦ፣ ሽሮም ይሁን ገንፎ፣ ጠዋት የሆነ ነገር ሆድ ውስጥ ይግባ።

ግን ይህን ሕግ ለሌላ ሰው አታውሱ። ኢማቲኒብም ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው። ኒሎቲኒብ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምንም ሳትበሉ፣ ከወሰዳችሁ በኋላም አንድ ሰዓት ቆይታችሁ። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጡ ናቸው። ወረፋ ላይ «እኔ እኮ በባዶ ሆዴ ነው የምወስደው» የምትለዋ ሴትዮ ለራሷ ልክ ናት። ለእናንተ ግን ላትሆን ትችላለች።

ካፔሲታቢን ረስታችሁ ሰዓቱ ካለፈ፣ አለፈ። በሚቀጥለው ሰዓት የተለመደውን ብቻ ውሰዱ፣ አትደርቡ። ከዋጣችሁ በኋላ ካስመለሳችሁም አትተኩት። ምን ያህሉ ወጣ፣ ምን ያህሉ ገባ የሚለውን ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። መቼ ነው ኪኒኑን ትታችሁ ስልክ የምታነሱት? በቀን ከወትሮው አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ጨምሮ ካስቀመጣችሁ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ አስነሥቶ ካስቀመጣችሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ካስመለሳችሁ። ምግብ ጭራሽ ከዘጋችሁ። አፋችሁ ቆስሎ መዋጥ ካስቸገረ። መዳፋችሁና የእግራችሁ ሥር ቀልቶ፣ አብጦ ካመመ። የዚያን ቀን የሚቀጥለውን ኪኒን አትዋጡ፣ መጀመሪያ ደውሉ። ለተቅማጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ እየተጎነጫችሁ ነው የምትደውሉት። ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይ ከጨመደዳችሁ ግን ስልኩም ይቅር፤ ኪኒኑን አቁማችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ የልብን ደም ሥር ያኮማትራል።

«ሐኪሙ እንዳያቋርጥብኝ ፈርቼ ነው የደበቅሁት።» ይህን ስንቴ ሰምቼዋለሁ! እሺ፣ ስሙኝ። መድኃኒቱ ሲሠራ ጀምሮ አብሮት የመጣው መመሪያ፣ ሲያስቸግር ቆሞ፣ ሰውየው ሲያገግም እንደገና እንዲጀመር፣ እንዳስፈላጊነቱም መጠኑ እንዲቀነስ ይላል። ያመለጠው ቀንም አይተካም፣ ቀጥሎ ያለው ዙር ይሄዳል። ሐኪሙ ለሦስት ቀን አቁሙ ማለቱ ተስፋ መቁረጡ አይደለም። እማማም በሁለተኛው ዙር በተቀነሰ መጠን ቀጥለው ጨርሰዋል።

የመጀመሪያውን ዙር በተለይ ጠብቁት። ሰውነታችን ፍሎሮዩራሲልን የሚሰባብርበት ኢንዛይም አለው። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ሲወለዱ ጀምሮ ይህ ኢንዛይም ያንሳቸዋል። ለእነሱ ልኩ መጠን ከልክ በላይ ነው፤ ምልክቱም ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠንክሮ ይመጣል። አውሮፓ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ከመጀመሩ በፊት ይህ እንዲመረመር ይመከራል። እናንተ ባትመረመሩም በአምስተኛው ቀን አፋችሁ ከቆሰለ «ገና ነው፣ ይለምደኛል» አትበሉ።

ትኩሳት ለብቻው ልናገረው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። እኛ ጋ ግን ብርድ ብርድ ሲል «ምች ነው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ፓራሲታሞል ይዋጣል፣ ብርድ ልብስ ይደረባል። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ ሰውየውም የዳነ ይመስለዋል። ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ከሆነ ኢንፌክሽኑ ግን ከሥር እየሄደ ነው። የሙቀት መለኪያ ግዙ። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ስለ ዳማከሴው እንነጋገራለን።

እጅና እግር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሴቶቹ ይህን ለመናገር ያፍራሉ። መዳፍ ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ይላላጣል። ምጣድ ፊት ቆሞ እንጀራ መጋገር፣ ትኩስ ሲኒ በጣት መያዝ፣ በኦሞ ልብስ ማሸት፣ በፕላስቲክ ጫማ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ሁሉም ያብሰዋል። ስለዚህ ባሎችና ልጆች፣ ለጥቂት ወር ምጣዱም ሳፋውም የእናንተ ነው። ሰፋ ያለ ጫማ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ ቅባት ወይ ቫዝሊን። መሸሸግ ግን የለም።

በነገራችን ላይ ይህ መላላጥ የጣት አሻራ ያጠፋል። ከሲንጋፖር የመጣ የ62 ዓመት ሰው በ2008 አሜሪካ ሲገባ ማሽኑ አሻራ አጣበትና አራት ሰዓት አገቱት። ካፔሲታቢን ይወስድ ነበር። ሐኪሞቹ ጽፈውት ነው ዓለም የሰማው። እኛም ዘንድ አሁን ፋይዳም ባንክም ፓስፖርትም አሻራ ነው። ማሽኑ እንቢ ካላችሁ አትደንግጡ። የሐኪም ደብዳቤ ያዙ።

ከኪኒኑ ጋር ሌላ ምን ትወስዳላችሁ? «ሌላ መድኃኒት የለኝም» ይሉኛል። ፌስታሉ ሲፈተሽ የጨጓራ፣ የደም ግፊት፣ ቫይታሚን፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ስሙ ያልታወቀ ጥቁር ፈሳሽ በሃይላንድ ላስቲክ። ሰው እነዚህን መድኃኒት አይላቸውም። ለምሳሌ ፎሊክ አሲድ። «ለደም ማነስ ጥሩ ነው» ተብሎ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ከካፔሲታቢን ጋር ሲገናኝ ግን ጉዳቱን ያባብሰዋል። ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይን ደም ውስጥ ይከማቻል። ኢማቲኒብ የምትወስዱ ደግሞ የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረላችሁ የቲቢ ክሊኒኩንም እኛንም ንገሩ፤ ሪፋምፒሲን ኢማቲኒቡን ጠራርጎ ያስወጣዋል። ዳሳቲኒብና ኤርሎቲኒብ የሚባሉት የካንሰር ኪኒኖች ደግሞ የጨጓራ አሲድ ካላገኙ በደንብ አይመጠጡም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ያንን አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እንደ ማስቲካ የሚውጥ ሰው ስንት ነው!

ጸበልም አለ። አትሂዱ አላልኩም፣ አልልምም። በኤችአይቪ ጊዜም ቤተ ክርስቲያን ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ ብላ ነበር። የእኔ ጉዳይ ብዙ ጠጥቶ ማስመለሱና ማስቀመጡ ነው፤ ኪኒኑ አብሮ ይወጣል፣ ውሃችሁም ያልቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩኝና በዕረፍቱ ሳምንት እናድርገው።

እስካሁን ስለ ቻዮች ነው ያወራሁት። ኢማቲኒብ ላይ ያላችሁት ግን ችግራችሁ ሌላ ነው፤ ደህና ናችሁ። ሥራ ትገባላችሁ፣ ልጅ ታሳድጋላችሁ። ኢማቲኒብ በ2001 ሲመጣ ያንን የደም ካንሰር በየቀኑ ኪኒን እየተዋጠ የሚኖሩበት በሽታ አደረገው። ደህና የሆነ ሰው ደግሞ ይረሳል፤ ለቅሶ ይሄዳል፣ ገጠር ይወርዳል፣ ኪኒኑ ቤት ይቀራል። ለንደን ውስጥ ሐኪሞች የ87 ታማሚዎችን የኪኒን ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱን በሚመዘግብ ክዳን ገጥመው ለሦስት ወር ተከታተሉ። ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ከታዘዘው 80 በመቶና ከዚያ በታች ከወሰዱት ውስጥ ካንሰሩ ሐኪም በሚፈልገው ደረጃ ጠልቆ የወረደለት አንድም ሰው አልነበረም። 80 በመቶ ማለት በወር ስድስት ቀን መዝለል ነው። ስድስት ቀን ደግሞ አንድ የለቅሶ ጉዞ ነው።

ቤት ውስጥ አያያዝ። ኪኒኑን አትስበሩት፣ አትፍጩት። አንዲት እናት ለልጃቸው መዋጥ ስላቃተው በቡና ሙቀጫ ወቀጡለት። አዘኔታቸው ይገባኛል። ዱቄቱ ግን አየር ላይ ይበናል፣ እሳቸው ይተነፍሱታል፣ ሙቀጫው ውስጥ የቀረው በማግሥቱ ከቡናው ጋር ይጠጣል። መዋጥ ካቃተ ለእኛ ንገሩን፣ መላ አለው። አስታማሚዎች በባዶ እጅ አትንኩት። ጓንት አድርጉ፣ ወይም ወደ ማንኪያ ጣል አድርጋችሁ ለታማሚው ስጡ። ከዚያ እጅ መታጠብ ነው። እርጉዝና አራስ ሌላ ሰው ትወክል። ትውከትና ሽንት ያረፈበት ልብስ በጓንት፣ ለብቻው ይታጠብ።

ሽማግሌዎች ኪኒኑን ከደም ግፊቱ ጋር በአንድ ብልቃጥ ይገለብጡታል። አይሆንም፤ በራሱ ፓኮ፣ ልጅ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ሻንጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወጣ መድኃኒቱ በእጃችሁ ይቅር።

ይህን ስል ሰሃን የምትለዩ እንዳትኖሩ። አንድ ቤት አባትየውን ጥግ አስቀምጠው ለብቻቸው ሲያበሏቸው አይቻለሁ። ኬሞ በማዕድ አይተላለፍም። አብራችሁ ብሉ፣ እቀፏቸው፣ ልጆቹም ይሳሟቸው። ሁሉም እጁን ይታጠብ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ብቻ ራቅ ይበል።

ሌላው የተረፈ ኪኒን ነው። ሰው ሲሞት ወይ ሕክምና ሲቀየር ቤተሰብ «ሌላ ምስኪን ይጠቀምበት» ብሎ ለጎረቤት ይሰጣል። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ልባችሁም ደግ ነው። ያ ጎረቤት ግን ቁመቱም ኩላሊቱም ሌላ ነው። ወደ እኛ መልሱት፤ ሽንት ቤት አትጨምሩት። ከዋሽንግተን ወይ ከዱባይ የተላከላችሁም ካለ ሳትጀምሩት አሳዩን። ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ያው መድኃኒት ይሆንና ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ ሰው አጋጥሞኛል።

በቃኝ። አሁን ፌስታሎቹን ፍቱ። ቫይታሚኑንም፣ ማሩንም፣ የሃይላንዱንም ላስቲክ ሳትደብቁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩ። ከዚህኛው ጥግ እንጀምር፤ እናቴ፣ እርስዎ ዛሬ ስንተኛ ቀንዎ ነው? ሌሊትስ ተነሥተው ነበር?